ትንሹ ሁሉን-በአንድ ቬፕ በሰሜን ሸዋ ብርድና ዳገት፦ የፍተሻ ማስታወሻ

ዕቃውና ጥያቄው

የሚፈተሸው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ባትሪው፣ ማሞቂያውና የፈሳሹ ማጠራቀሚያ በአንድ አካል ተገጥመዋል። ባትሪው 1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን ተፈትቶ አይወጣም። ፖዱ፣ ማለትም ተነቅሎ የሚወጣው የፈሳሹ ማጠራቀሚያ፣ 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከዕቃው ጋር የመጡት ኮይሎች፣ ማለትም ጥጥ የነካቸው የማሞቂያ ሽቦዎች፣ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ 0.8 ኦምና 1.2 ኦም። ቁልፍ የለውም፤ ሲሳብ በሴንሰር ራሱ ይነሣል፤ በዩኤስቢ ሲ ይሞላል። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ክፍል ስለሌለው ኮይሉ የሚያገኘው ባትሪው በሰዓቱ ያለውን ያህል ነው። ይህች ነጥብ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ትወስናለች።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራውም የሚሞከረውም በአብዛኛው ለባህር ጠለል በቀረበ ከተማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ያደርሳል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዋትና «ይህን ያህል ጊዜ ይሳባል» የሚለው ቁጥር በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ብዙም አይነግረውም። ዕቃው የዕለት ዕቃ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የማለዳው ብርድና ዳገቱ ነው፤ ፍተሻውም የተያዘው በዚያ በኩል ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማምረትን፣ ማስመጣትን፣ ማከፋፈልንና መሸጥን ከልክሏል። ስለዚህ እዚህ የት ይገኛል፣ ስንት ነው የሚል ነገር የለም። የሚጻፈው ከውጭ ሲመጣ ይዞት ለመጣና በእጁ ላለ አዋቂ አጫሽ ነው። ሁለተኛ፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ አጭሶ የማያውቅ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ወጣት ሊነካው አይገባም።

ፈሳሽ ሳይገባ

ኮይሉ በመልቲሜትር ተለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የርካሽ መልቲሜትር ሁለት ገመዶች ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ ዜሮ ሳይሆን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ያሳያል። ይህ የገመዶቹ የራሳቸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ንባብ መቀነስ አለበት። ሳይቀነስ 0.8 ኦሙ ኮይል 1.1 ይወጣና «ኮይሉ ተበላሽቷል» ይባላል። ሲቀነስ ሁለቱም ኮይሎች ከተጻፈባቸው ብዙ አልራቁም። ኮይሉን በትንሹ እየነቀነቁ ንባቡ ቢዘል ችግሩ ሽቦው ሳይሆን አቀማመጡ ነው፤ አውጥቶ፣ የመገናኛ ፒኖቹን አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ጠርጎ መልሶ በኃይል መጫን ነው።

ከዚያ ሒሳቡ። የቮልቴጁ ብዜት በራሱ ለኦሙ ሲካፈል ዋቱን ይሰጣል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ 0.8 ኦሙ ኮይል 22 ዋት ይሆናል ማለት ነው፤ ከባትሪው የሚወጣውም ከ5 አምፔር በላይ ነው። ባትሪው ወደ 3.7 ቮልት ሲወርድ 17 ዋት፣ 3.3 ሲደርስ ከ14 ዋት በታች። 1.2 ኦሙ ግን በሙሉ ባትሪ እንኳ 15 ዋት አይሞላም፤ በ3.7 ቮልት 11 ዋት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ኮይል በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል የሚዋዥቅ ከሆነ፣ በጣም የሚግለው ከቻርጅ በተነቀለ በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሌሊት ቻርጅ ላይ አድሮ ማለዳ የሚያዝ ዕቃ ደግሞ ያችን ሰዓት የሚያገኛት በቀኑ ብርዳም ሰዓት ነው።

ፈሳሹ

ጁሱ በመሠረቱ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ጣዕም ነው። ሁለቱ ዋና ፈሳሾች ጠባያቸው አይገናኝም። ፕሮፒሊን ግላይኮል ቀጭን ነው፤ በባህር ጠለል በ188 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ግሊሰሪን ወፍራም ነው፤ የሚፈላው በ290 ነው። ብርድ የሚጎዳው ግሊሰሪኑን ነው፦ ከ20 ዲግሪ ወደ 0 ሲወርድ ውፍረቱ ከስምንት እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ብርድ እንደመታው ማር መሆኑ ነው። ስለዚህ ግሊሰሪኑ 70 በመቶ የሆነ ጁስ ለደጋ ማለዳ አይሆንም። እኩል በእኩል የተቀላቀለው ይሻላል፤ የ1.2 ኦሙ ኮይል የፈሳሽ መግቢያ ቀዳዳዎችም ጠባብ ስለሆኑ ይኸው ቀጭኑ ነው የሚስማማቸው።

የኒኮቲኑ መጠን ጠርሙሱ ላይ በሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር ይጻፋል። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያው 20 ነው፤ ፖድ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ ጠርሙስም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከሌላ አገር የሚመጣው 50 የተጻፈበትም አለ። 20 የተጻፈበት በአንድ ሙሉ ፖድ 40 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይሰጣል፤ 50 የተጻፈበት 100። ለሕፃን ጥቂት ጠብታም አደጋ ስለሆነ ጠርሙሱ እጅ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከዓይን ጠብታና ከሳል ሽሮፕ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃና በሳሙና መታጠብ።

ጁሱ ላይ ዘይት መጨመር የለበትም፦ የባህር ዛፍም፣ የጥቁር አዝሙድም፣ የምግብም። ዘይት በሳንባ ውስጥ አይተንም። አሜሪካ ውስጥ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሰው ሆስፒታል ያስገባውና የገደለው የሳንባ ጉዳት በጥብቅ የተያያዘው ከቪታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው፤ ይህም ቅባት ነው።

የመጀመሪያ ሙሌት

ለመለካት የሚበጀው 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ነው። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ጁስ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 1.15 ግራም ይመዝናል፤ ሙሉ ፖድ 2.3 ግራም ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ፖዱ ባዶውን፣ ተሞልቶ፣ ከጉዞ በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ የፈሰሰው በዓይን ግምት ሳይሆን በቁጥር ይታወቃል።

አዲስ ኮይል ጥጡ ደረቅ ነው። በጎን ቀዳዳዎቹ ሁለት ሁለት ጠብታ ይደረግለታል፤ መሐሉ ያለው ቱቦ ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ። ፖዱ ተሞልቶ የሲሊኮን ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ሙቀት ባለበት ክፍል 10 ደቂቃ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ ከሆነ 20 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ፖዱ ከመሣሪያው ሳይገጠም ሁለት ሦስት ጊዜ በባዶ ይሳባል፤ ፈሳሹን ወደ ጥጡ ይጎትተዋል። የመጀመሪያዎቹ ምገቶች አጭር ይሁኑ፣ ሁለት ሰከንድ ቢበዛ። ይህን የዘለለ ሰው ኮይሉን በመጀመሪያው ደቂቃ ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ጥጥ ደግሞ አይታከምም፤ ጣዕሙም አይለቅም።

ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጠረጴዛ ላይ ያደረ መሣሪያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲነሣ ብረቱ ጣት ይቆጠቁጣል። 0.8 ኦሙ ኮይል በሙሉ ባትሪ ተሞከረ፦ የመጀመሪያው ምገት ደህና ነው፣ ሁለተኛው ይሳሳል፣ ሦስተኛው ጉሮሮ የሚቧጥጥ የተቃጠለ ጣዕም ያመጣል። ምክንያቱ ኮይሉ በ22 ዋት የሚያተነውን ያህል የወፈረው ፈሳሽ ቶሎ ወደ ጥጡ አለመድረሱ ነው። ከፍታውም ያግዘዋል። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኮይሉን ሲያልፍ የሚያቀዘቅዘው ባነሰ አቅም ነው፤ የፕሮፒሊን ግላይኮሉም የመፍላት ነጥብ ከባህር ጠለሉ በ10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ጥጡ ከሁለት ወገን ቶሎ ይደርቃል። የተቃጠለ ጣዕም የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጥጡ ሲደርቅና ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድን የመሰሉ መርዛም ነገሮች ይፈጠራሉ። የመጀመሪያዋ ምልክት ስትመጣ ማቆም ይገባል።

1.2 ኦሙ ኮይል በዚያው ማለዳ፣ በዚያው ጁስ አላቃጠለም፤ በየምገቱ መካከል ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። እንፋሎቱ ያንሳል፤ በብርድ አየር ላይ ግን ትንሹም ጎልቶ ስለሚታይ የሚጎድል አይመስልም። በእኛ ፍርድ ለደብረ ብርሃን፣ ለመሐል ሜዳና ለአንኮበር ደጋ 0.8 ኦሙን ማለዳ መጠቀም ኮይል ማባከን ነው። እሱ የሚሆነው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ባትሪው ወደ 3.8 ቮልት ሲወርድ ነው።

መሣሪያውን ማሞቂያው ምርጡ መንገድ የሰው ገላ ነው። በጋቢ ወይም በባና ሥር፣ የደረት ኪስ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ፈሳሹ ይለዝባል፤ ብርድ ያዳከመው ባትሪም ይመለሳል። ምድጃ ዳር፣ ከሰል አጠገብ ወይም መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ነው ያለው።

ሌላ የታየው ነገር የአፉ ጫፍ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ እዚያው ወደ ጠብታ መለወጡ ነው። ይህን ብዙ ሰው ፖዱ ያፈስሳል ብሎ ይመዘግበዋል። ሚዛን ይለየዋል፦ ፖዱ ሳይሳብበት አድሮ ክብደቱ ካልተቀየረ አላፈሰሰም። በቀን አንድ ጊዜ ፖዱን አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድና ፒኖቹን በሶፍት መጥረግ ይበቃዋል።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር

የፍተሻው ፍሬ ነገር እዚህ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 870 ሄክቶፓስካል ነው፤ ጣርማበር አናት ላይ ወደ 700 ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ የተዘጋ አየር ደብረ ሲናን አልፎ አናቱ ላይ ሲደርስ ሩብ ያህል መስፋት ይፈልጋል። ፖዱ ደግሞ ዝግ ነው፤ መውጫው ጥጡ ብቻ ነው። አየሩ ከላይ፣ ፈሳሹ ከታች ስለሆነ ሲሰፋ የሚገፋው ፈሳሹን ነው፤ ፈሳሹ በጥጡ አልፎ ወደ መሐሉ ቱቦ፣ ከዚያም ወደ ሴንሰሩ ይወርዳል።

ስለዚህ ዳገት ላይ የሚያፈስሰው ሙሉው ፖድ ሳይሆን ግማሹ ነው። ግማሽ ፖድ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር አየር አለ፤ ሩቡ 0.25 ሚሊ ሊትር ነው፣ ማለትም 0.29 ግራም ፈሳሽ። በሚዛን የተገኘውም ከዚህ ጥቂት ያነሰ ነበር፤ ጥጡ የተወሰነውን ይይዛል። አፉ ድረስ በተሞላ ፖድ ውስጥ ያለችው አየር 0.2 ሚሊ ሊትር ብትሆን የምትገፋው 0.05 ብቻ ነው፤ ያን ጥጡ ይችለዋል። ከሸዋ ሮቢት ሲነሡ ወይ ጥግ ድረስ መሙላት፣ ወይም ባዶ አድርጎ መያዝ። በመሐል መንገድ መኪናው ደብረ ሲና ሲቆም አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሲሊኮን ክዳኑን ለአፍታ ከፍቶ መዝጋት ግፊቱን ያስተካክለዋል፤ ከሁሉም የተሻለው መላ ይህ ነው። ከተቻለ ፖዱ ከመሣሪያው ተነቅሎ በሶፍት ተጠቅልሎ ይጓዝ፤ ቢያፈስስም ሴንሰሩ አይነካም።

ሴንሰሩ ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል ቢባል፣ የሚነሣው በግፊት ለውጥ ስለሆነ ፈሳሽ ሲገባበት ማንም ሳይስበው ራሱ ሊበራ ይችላል። ኪስ ውስጥ ይግላል። መብራቱ ያለ ምክንያት ከበራ ወይም አካሉ ከሞቀ ፖዱን ወዲያው መንቀል፤ ኮይል ከሌለ የሚግል ነገር የለም። ከዚያ የአየር ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ መዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ፣ በሶፍት መምጠጥና ደረቅ ቦታ ማሳደር። ደርቆም ራሱ መብራቱን ካልተወ ያ ዕቃ አበቃለት።

ቁልቁለቱ ቀላል ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ የውጭ አየር በጥጡ በኩል ወደ ፖዱ ይገባል፤ ፈሳሽ አይወጣም። ጥጡ ግን በአየር ስለተገፋ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምገቶች አጭር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ቆላው ላይ ደግሞ ሙቀቱ ፈሳሹን ያቀጥነውና ኮይሉ ይጠጣል፤ ሲሳብ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ፖዱን ነቅሎ፣ በሶፍት ይዞ፣ በአፉ በኩል በኃይል መንፋት ያጸዳዋል። አቧራው የአየር ቀዳዳውን ስለሚደፍን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያስፈልጋል።

ጠርሙሱም ያው ሕግ አለው። ባህር ጠለል አጠገብ የታሸገ ጠርሙስ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር 40 በመቶ ያህል መስፋት ይሻል። ቀጥ አድርጎ፣ ጫፉን ሶፍት አልብሶ፣ ቀስ ብሎ መክፈት ነው፤ ተዘቅዝቆ ከተከፈተ እጅ ላይ ይረጫል።

ባትሪና ቻርጅ

1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት 3.7 ዋት ሰዓት ነው፤ በጁል 13,320። በ1.2 ኦሙ ኮይል የሦስት ሰከንድ ምገት 34 ጁል ገደማ ይበላል። በወረቀት 390 ምገት ይደርሳል፤ መሣሪያው ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ስለሚዘጋና የሚባክንም ስላለ አራት አምስተኛውን፣ 310 ያህሉን መቁጠር ነው። በ0.8 ኦሙ 210 ገደማ። በብርድ ማለዳ ከዚህም ያንሳል፦ የቀዘቀዘ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምርና ሲጫንበት ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ግማሽ ያለው ባትሪ ባዶ ነኝ ብሎ ቀይ ያበራል። ሲሞቅ ይመለሳል። በዚህ ተደናግጦ እዚያው ብርድ ላይ ቻርጅ መሰካት ጉዳት ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ እንደ ብረት ተለጥፎ ይቀርና ባትሪውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል።

ቻርጅሩ 5 ቮልት 1 አምፔር ይብቃው፤ ከአንድ ሰዓት ጥቂት አልፎ ይሞላል። በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድ አልሞላ ካለ ዕቃው ተበላሸ ብሎ መቸኮል አያስፈልግም። በርካታ ርካሽ መሣሪያዎች ቻርጅሩን «እኔ ነኝ፣ ኃይል ስጠኝ» የሚሉበት ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች አልተገጠሙላቸውም፤ ቻርጅሩም ምንም አይሰጥም። በአንድ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ሲሰካ ይሞላል። ፓወር ባንክም መጨረሻ ላይ የሚወስደው ኃይል ሲያንስ ራሱን ሊዘጋ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ፣ በጠፋበት ሰዓት ከሶኬት መንቀል ይሻላል። ትራስ ሥር ወይም ፍራሽ ላይ ቻርጅ አይደረግም።

ጥገና ቤት ከመወሰዱ በፊት

ባትሪው ሲዳከም የመጀመሪያው ሐሳብ የሞባይል ጥገና ቤት ወስዶ በቀላል ስልክ ባትሪ ማስተካት ነው፤ መጠኑም ያው 1,000 አካባቢ ስለሆነ ይመስላል። አይሆንም። ይህ መሣሪያ በ0.8 ኦሙ ኮይል 5 አምፔር ያህል በአንዴ ይጎትታል፤ ከባትሪው አቅም አንጻር አምስት እጥፍ ነው። የቀላል ስልክ ባትሪ ለእንዲህ ያለ ጭነት አልተሠራም፤ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ብየዳውም በቀጥታ ባትሪው ጫፍ ላይ ከሆነ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ጠጋኙ ጎበዝ ቢሆንም ዕቃው ትክክል ካልሆነ እጁ አያድነውም። ጥገና ቤት ሊሠራ የሚገባው የላላ ዩኤስቢ ሶኬት መበየድና የዛገ ፒን ማጽዳት ነው።

ኮይል ሲያረጅ፣ ባትሪ ሲጣል

ጣፋጭ የበዛበት ጁስ ኮይሉን ጥቁር ቅርፊት ያለብሰዋል፤ ማጣፈጫው ስለማይተን እዚያው ያራል። ጣዕሙ ሲደበዝዝ፣ ጁሱ ፖድ ውስጥ ሲጠቁር ወይም ሳይቃጠል የካራሜል ሽታ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። ማጠብ ሞክሮ መልሶ መጠቀም አይመከርም፦ ሽቦው ቢጸዳም ጥጡ አይጸዳም። ያገለገለ ኮይልና የተረፈ ፈሳሽ ያለበት ፖድ ኒኮቲን ስላለባቸው በፕላስቲክ ታስረው ይጣሉ፤ ውሻና ሕፃን በሚደርስበት ቆሻሻ ላይ አይበተኑ።

ያበጠ ባትሪ ያለው መሣሪያ አካሉ ይላቀቃል ወይም መገጣጠሚያው ክፍተት ያሳያል። እንዲህ ሲሆን ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፣ መውጋትና መጫንም አይቻልም። ፖዱ ይነቀል፣ ፒኖቹና የቻርጅ ቀዳዳው በናስትሮ ይሸፈኑ፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከቤት ውጭ፣ ዝናብ በማይደርስበት ይቀመጥ። የባትሪ መልሶ መጠቀሚያ ቦታ ወዳለበት ከተማ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ እዚያው ይቆይ። እሳት ውስጥ፣ መጸዳጃ ጉድጓድና ማሳ ላይ አይጣልም።